ከአስፋልቱ ማዶ ሆናችሁ አንብቡልን

ይድረስ፦ በከተማችን ታፔላ፣ በመንገድ ስም ሰሌዳና በአደባባይ ሥዕል ላይ ለምትወስኑ ኃላፊዎችና ባለሙያዎች በሙሉ
አዲስ አበባ

ጉዳዩ፦ ምስጋናን፣ ትንሽ ወቀሳንና አንድ ልመናን ይመለከታል

ክቡራንና ክቡራት፣

ጠረጴዛችሁ ላይ የሚከመረው ደብዳቤ ስለ ውኃ፣ ስለ መብራት፣ ስለ ካርታ እንደሆነ አውቃለሁ። የኔው ስለ ፊደል ነው። ሥራ ፈት ነው ብትሉኝም አልቀየምም። ብቻ ሻይ እየጠጣችሁ እስከ መጨረሻው አንብቡልኝ።

እኔ ማንበብ የጀመርኩት ትምህርት ቤት ሳልገባ ነው፤ ታፔላ ላይ። አባቴ እጄን ይዞኝ ሲሄድ ከየበሩ በላይ የተጻፈው ሁሉ መጨረሻው አንድ ዓይነት መሆኑን አየሁ። ዳቦ ቤት። ሥጋ ቤት። ፎቶ ቤት። ጠጅ ቤት። መድኃኒት ቤት። «እነዚያ ሁለቱ ምን ይላሉ?» አልኩት። «ቤት» አለኝ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ከተማው ሁሉ ቤት ሆነልኝ። በደረስንበት ሁሉ ጣቴን እየቀሰርኩ «ቤት! ቤት!» ስል አባቴ መጀመሪያ ሳቀ፣ ቀጥሎ ሰለቸው፣ በመጨረሻ ሌላ ቃል ሊያስተምረኝ ተገደደ።

ጊዜው 1976 ዓ.ም. ነው። አብዮቱ አሥረኛ ዓመቱን ሊያከብር ሽር ጉድ ይባላል። ቸርችል ጎዳና ላይ ያለው የትግላችን ሐውልት የተመረቀውም በዚያው ሰሞን ነው። በየአደባባዩ ቀይ ጨርቅ ተወጥሮ፣ በላዩ ላይ ከኔ ቁመት የሚበልጥ ፊደል ይታይ ነበር። መፈክሩ ምን እንደሚል አይገባኝም። ፊደሉ ግን እስከዛሬ ዓይኔ ላይ አለ። ወፍራም ነው፣ ቁጡ ነው፣ ትከሻው ሰፊ ነው። ሰው ሳይናገር ፊደል ብቻውን ሊጮህ እንደሚችል ያኔ ነው ያወቅኩት። ስለ ዘመኑ ብዙ የሚባል አለ፤ እዚህ አልገባበትም።

ሰፈራችን ውስጥ አንድ ታፔላ ጸሐፊ ነበሩ። ጋሼ ነበር የምንላቸው። ሥራቸውን ደጃቸው ላይ ነው የሚሠሩት፤ እኛ ልጆች ዙሪያቸውን ከበን እናያለን። መጀመሪያ ላሜራውን በብርጭቆ ወረቀት ይፈትጉታል። ዝገት እንዳይበላው ከሥር አንድ ቀለም ይቀቡታል፣ ከዚያ ነጩን ደረብ ያደርጉበታል። ሲደርቅ በከሰል ዱቄት ያጠቆሩትን ክር ከዳር እስከ ዳር ይወጥሩና በሁለት ጣታቸው ሳብ አድርገው ይለቁታል። ጣ! ቀጥ ያለ መስመር። ክሩ ትንሽ አቧራ አቡንኖ ሲረጋ እናጨበጭብላቸው ነበር።

ቀጥለው ፊደሎቹን ይቆጥራሉ። ቆጥረውም ይሳሳታሉ። «የወንዶች ፀጉር ማስተካከያ» ብለው ሲጀምሩ ደልደል ብሎ የተቀመጠው ፊደል፣ «ከያ» ላይ ሲደርስ ሰው በሞላበት ታክሲ ጥግ እንደያዘ ተሳፋሪ ትከሻውን ይሰበስባል። ዛሬ እንደዚያ ያለ ታፔላ ሳይ ልቤ ደስ ይለዋል። አንድ ሰው እዚህ ቆሞ አስቧል፣ ተሳስቷል፣ መላ ፈልጓል ማለት ነው።

ዋናው ነገር ግን መጨረሻ ላይ ነበር የሚመጣው። ቀለሙ ሳይደርቅ ታፔላውን ግድግዳ ላይ ያስደግፉና ወደኔ ይዞራሉ። ከልጆቹ ሁሉ ገና ኮልታፋ አንባቢ ስለነበርኩ ነው የሚመርጡኝ። «ሂድ፣ ከአስፋልቱ ማዶ ቁም» ይሉኛል። መኪና አይቼ እሻገራለሁ። «ምን ይላል?» ብለው ይጮሃሉ። አንድ ቀን ጮክ ብዬ «ዳባ ቤት!» አልኩ። ሰፈሩ ሳቀ። ዳባ መነኩሴ የሚለብሰው ነዋ! እሳቸው ግን አልሳቁም። ዞረው ታፔላውን አዩት። ከዚያ ብሩሻቸውን አንሥተው የ«ቦ»ን ግራ እግር ረዘም አደረጉት፣ ቀኙን ደግሞ በነጭ ቀለም አሳጠሩት። «አሁንስ?» «ዳቦ ቤት!» «ጎበዝ። ልጅ ካላነበበው ታፔላ አይደለም፣ ላሜራ ነው።»

ክቡራንና ክቡራት፣ ደብዳቤው ያለው እዚህ ላይ ነው። ሌላውን ብትዘሉት እንኳ ይችን አትዝለሉ።

ፊደላችን ልዩነቱን የሚያኖረው ትንንሽ ቦታ ላይ ነው። «ባ»ን ከ«ቦ» የሚለየው የትኛው እግር እንደረዘመ ነው። «ቡ» ቀኝ ጎኑ ላይ አንዲት ሰረዝ ናት፤ «ብ» ደግሞ በግራው። «ቤ» እግሩ ሥር ቀለበት አለው። ወረቀት ላይ አፍንጫችን ሥር ሲሆን ሁሉም ግልጽ ነው። አሁን ግን ዝናብ ውስጥ፣ ከሚሄድ ሚኒባስ መስኮት፣ ከ30 ሜትር ላይ ሆናችሁ አስቡት። ያቺ ሰረዝ ከጠፋች ሰውየው ፌርማታውን አልፎት ይሄዳል።

የብራና ጸሐፊዎች ይህን ድሮ አውቀውታል። መቃውን ሰያፍ ቆርጠው ሲጽፉ ቁሙ ይወፍራል፣ አግድሙ ይቀጥናል። በዚህ የተነሣ ዓይን እግሮቹን ቀድሞ ያገኛል፤ እግሮቹ ደግሞ መለያዎቹ ናቸው። ጉልህ የሚባለው አጻጻፍ ስሙም እንደሚለው ነው። ማኅሌት ላይ ሻማ ይዞ ለቆመ ካህን ይታያል። እኛ ትልቅና ትንሽ ፊደል የለንም። ታዲያ አንድን ነገር ከፍ ማድረግ ሲፈልጉ ምን አደረጉ? ቀይ ቀለም። የአምላክ ስም፣ የእመቤታችን ስም፣ የቅዱሳን ስም በቀይ ይጻፋል። በገጹ ራስ ላይ ደግሞ ሐረግ ይስላሉ፣ እንደ ሽሩባ እየተጠላለፈ የሚሄድ ጌጥ። ጋሼ የቄስ ትምህርት ቤት ልጅ ነበሩ። የሥጋ ቤቱን ታፔላ መጀመሪያ መስመር በቀይ፣ የቀረውን በጥቁር ሲጽፉ ከየት እንዳመጡት አሁን ይገባኛል። ከበሬው ሥዕል ግራና ቀኝ የሚስሏት ጥምዝምዝ ነገርም ሐረግ ነበረች። ብራናው ሥጋ ቤት ድረስ መጥቶ ነበር ማለት ነው።

ስለ ማተሚያውም ትንሽ ልበል፤ አብሮ የሚሄድ ነገር ነው። በፊደላችን የታተመው የመጀመሪያው መጽሐፍ የወጣው ሮም ውስጥ ነው፣ እ.ኤ.አ. በ1513። ዮሐንስ ፖትከን የሚባል ጀርመናዊ እዚያ ከነበሩ መነኮሳታችን ግዕዝ ተምሮ መዝሙረ ዳዊትን አሳተመ። እኛ አገር ብርሃንና ሰላም ማተሚያ ቤት የቆመው በ1914 ዓ.ም. ነው። ቀጥሎ የጽሕፈት መኪና መጣ። ኢንጂነር አያና ብሩ ከ230 በላይ የሆነውን ፊደል ጥቂት ቁልፍ ባለው መኪና ውስጥ ለማስገባት ምን ያህል እንደደከሙ ሳስብ ራሴን ያዞረኛል። በዚያ መኪና የተጻፈ አሮጌ ደብዳቤ ካያችሁ፣ መለያዎቹ ከፊደሉ ትንሽ ሸሽተው ለብቻቸው ቆመው ታገኟቸዋላችሁ። ከዚያም ኮምፒውተር። ፓወር ግዕዝ፣ ቪዡዋል ግዕዝ የሚባሉትን የመጻፊያ ፕሮግራሞች ያየ ያውቀዋል፤ አንዱ ጋ የጻፍከውን ሌላው ጋ ስትከፍተው የማይነበብ ዝብርቅርቅ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1999 ፊደላችን ኮምፒውተሮች ሁሉ የሚግባቡበት የፊደል ሥርዓት፣ ዩኒኮድ፣ ውስጥ ከገባ ወዲህ ነው እፎይ ያልነው።

ስለዚህ ኮምፒውተር ጠላቴ አይደለም። እንዲያውም ኒያላን እወደዋለሁ። ከዊንዶውስ ቪስታ ጋር የመጣው፣ ጆን ሃድሰንና ጄራልዲን ዌድ የሠሩት ፊደል ነው። ስሙን ከኛው የባሌ አጋዘን ወስዶ፣ የመቃውን ወፍራምና ቀጭን ይዞ የመጣ ፊደል ነው። ለመጽሐፍ የተሠራ ፊደል ግን ለመጽሐፍ ነው። ሰሞኑን የማየው ምንድን ነው? ለወረቀት የታሰበውን ፊደል ወስደው አራት ሜትር ባነር ላይ ይጎትቱታል። ቦታ ሲጠብ በጎን ይጨምቁታል። «ዘመናዊ» እንዲመስል ያጋድሉታል፤ ሰክሮ ግድግዳ የተደገፈ ሰው ይመስላል። ከሥሩ የእንግሊዝኛው ስም ተንሰራፍቶ ይቀመጣል፣ አማርኛው ጥግ ላይ እንደ ይቅርታ ተለጥፏል። ሁለት ነጥብማ ድሮ ቀረ። በቃላት መካከል ቆሞ እንደ ዘበኛ ይጠብቅ የነበረው ሁለት ነጥብ ዛሬ መንገድ ላይ የሚታየው አሮጌ ድንጋይና አሮጌ ላሜራ ላይ ነው።

እዚህ ላይ ጥፋቱ የማን እንደሆነ አልናገርም፣ ምክንያቱም የማንም አይደለም። ባለ ሱቁ ቸኩሏል። የማተሚያ ቤቱ ልጅ በቀን 20 ባነር ያወጣል። እናንተ ደግሞ መጠኑን፣ ቀለሙንና መብራቱን ታያላችሁ። ፊደሉን የሚያይ ግን የለም። አንድ ጊዜ አንድ ቢሮ ሄጄ ስለ ታፔላ ፈቃድ ስጠይቅ ስለ ስፋት፣ ስለ ቁመት፣ ስለ ክፍያ ሁሉ ተነገረኝ። «የሚነበብ መሆኑንስ ማን ያያል?» ስል ልጅቷ ፈገግ አለችና «እሱማ የራስዎ ጉዳይ ነው» አለችኝ። ትክክል ናት። የኔ ጉዳይ ነው። ይኸው ጻፍኩላችሁ።

ወቀሳው በቃ። ምስጋናውም አለ።

ከተማችን በአደባባይ ሥራ ድሃ አይደለችም። አፍሪካ አዳራሽ ውስጥ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ የመስታወት ሥዕል 150 ካሬ ሜትር ነው። ፀሐይ ስትመታው ወለሉ ላይ ቀይና ሰማያዊ ይፈስሳል። አዳራሹ እ.ኤ.አ. በ1961 ተመረቀ፤ በቅርቡ ደግሞ ታድሶ ተከፍቷል፣ ለዚህ ለደከማችሁ ሁሉ እጅ እነሣለሁ። ስድስት ኪሎ ላይ የየካቲት 12 ሐውልት አለ። አውጉስቲንቺችና ክርሺኒች የሚባሉ የዩጎዝላቪያ ቀራጮች የሠሩትን ምስል ቆም ብሎ ያየ ሰው በዚያው ቀን ብዙ አያወራም። ትምህርት ቤት እያለሁ በሱ በኩል ሳልፍ ድምፄን ዝቅ አደርግ ነበር።

እኔ ግን አብዝቼ የምወደው ብሔራዊ ቴአትር ፊት ያለውን አንበሳ ነው። ፈረንሳዊው ሞሪስ ካልካ ነው የሠራው፣ እ.ኤ.አ. በ1955። ለገሃር ያለውን አንበሳ ሁሉም ያውቀዋል፤ ጋርዴ የሚባል ቀራጭ የሠራው፣ ጣሊያን ሮም ወስዶት ከዓመታት በኋላ የተመለሰው። እሱ እውነተኛ አንበሳ ይመስላል፣ ጎፈሩ ነፋስ ይፈልጋል። የካልካው ግን አንበሳ የሚመስል አይደለም፤ አንበሳ የሚል ነው። ፊቱ ማዕዘን ማዕዘን ነው፣ ጎፈሩ ተቆርጦ የተደረደረ ነው። ሁልጊዜ ሳየው ፊደል ይመስለኛል። አንድ ቀራጭ ከሌላ አገር መጥቶ፣ ፊደላችንን አውቆትም ይሁን ሳያውቀው፣ ድንጋይ ላይ አዲስ ሆሄ ጨመረልን እላለሁ ለራሴ። (ባለቤቴ ይህን ሐሳቤን ስትሰማ ዓይኗን ወደ ኮርኒሱ ታዞራለች።)

ፊደልን ሥዕል ያደረጉ የኛም ሰዎች አሉ። ወሰኔ ወርቄ ኮስሮፍ ሸራው ላይ ሆሄያቱን ሲያስጨፍራቸው ዕድሜውን ሰጠ። እስክንድር ቦጎሲያንና ከበደች ተክለአብ ዋሽንግተን ላለው ኤምባሲያችን ከአሉሚኒየም የሠሩት የግድግዳ ሥራ አለ፤ ክታብና ጥቅልል እያየ ያደገን ሰው ቀጥ አድርጎ ያቆመዋል። አሜሪካ ያለው ወንድሜ ፓስፖርት ሊያሳድስ ሄዶ ተራው ሲደርስ ስሙ ሁለቴ ተጠራ አሉ፤ ግድግዳውን እያየ። ታዲያ ይህ ሁሉ እዚያ ማዶ ከሆነ፣ ፊደሉ የተወለደበት አገር ከተማ ውስጥ አንድ ግድግዳ ሙሉ ፊደል ብናይ ምን ይለናል?

ታክሲዎቻችንንም አትርሷቸው። «ፍቅር ካለ ታክሲ ባስ ይሆናል» የሚለውን ጥቅስ ያላነበበ የአዲስ አበባ ሰው አለ? ያ ጥቅስ ስንት ዓይነት አጻጻፍ እንዳለው ልብ ብላችሁ ታውቃላችሁ? አንዱ በስቲከር፣ አንዱ በብሩሽ፣ አንዱ «ፍ»ን ልብ አስመስሎ። አምስት ሰው በአራት ሰው ወንበር ላይ ተጣብቆ እየሳቀ የሚያነበው ሥዕል ሌላ የት አለ?

አሁን ወደ ልመናው።

በ2016 ዓ.ም. ፒያሳ ሲፈርስ ብዙ ሰው ያዘነው ለሕንፃዎቹ ነው። እኔ የታፔላዎቹም ነገር ነው እንቅልፍ የነሣኝ። ሕንፃ ቢያንስ ፕላን አለው፣ ፎቶ አለው፣ ስለሱ የሚጽፍ የሥነ ሕንፃ ተማሪ አለው። ታፔላ ግን ሲወርድ ቆራሌው ነው የሚወስደው፣ በኪሎ። ከዚያ ወዲህ በእግሬ ስሄድ ስልኬን አውጥቼ ፎቶ አነሣለሁ። ዘበኞች ይቆጡኛል። «ምን ያደርግልሃል?» ይሉኛል። ዕድሜውን አነብበታለሁ እላቸዋለሁ። ለምሳሌ ጥግ ላይ ያለው ስልክ ቁጥር ስድስት አኃዝ ብቻ ከሆነ፣ ታፔላው በ1998 ዓ.ም. መጀመሪያ ቁጥሩ ከመቀየሩ በፊት የተጻፈ ነው። ከፖስታ ሣጥን ቁጥር ሌላ ምንም ከሌለው ደግሞ ገና የቆየ ነው። የጸሐፊው ስምም እዚያው ጥግ ላይ በትንሹ ተጽፎ ይገኛል። እነዚህ ሰዎች ሥራቸውን እንደ ሠዓሊ ፈርመዋል። የፈረሙትን እኛ ነን ያላነበብነው።

ስለዚህ አንድ ታፔላ እንዲወርድ ስትወስኑ ከመሰላሉ በፊት ካሜራ ይውጣ። ፎቶው ላይ ቀኑ፣ ሰፈሩ፣ ከተገኘም የጸሐፊው ስም ይጻፍ። አንድ ሠራተኛ፣ አንድ ስልክ፣ በቃ። ብዙ በጀት አይፈልግም። ደኅና የሆኑት ላሜራዎች ደግሞ የሆነ መጋዘን ይግቡ፤ ዝናብ የማያስገባ ይሁን እንጂ ሌላ ምርጫ የለኝም። አዲሱን የመንገድ ስም ሰሌዳ ስታስጽፉ ጨረታው ላይ የላሜራው ውፍረት ብቻ ሳይሆን የፊደሉ ነገርም ይግባበት። ፊደል የሚያውቅ ሰው ይሣለው። የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤቱ ልጆች አሉ፣ ሥራ የፈቱ የታፔላ ሰዎች አሉ፣ አሁን ጥሩ ጥሩ የፊደል ንድፍ የሚሠሩ ወጣቶችም አሉ። ሦስቱን አንድ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጧቸውና ምን እንደሚሆን እዩ። ይጣላሉ። ይጣሉ! ከዚያ ጥል የሚወጣው ፊደል ሳይሻል አይቀርም።

ከመጽደቁ በፊት ግን አንድ ነገር አድርጉ። ናሙናውን ግድግዳ ላይ አስደግፉት። ገና መጻፍና ማንበብ የጀመረ አንድ ልጅ ፈልጉ፤ ከናንተ መካከል የሱ ወላጅ አይጠፋም። እጁን ይዛችሁ ከአስፋልቱ ማዶ አሻግሩትና «ምን ይላል?» በሉት። «ዳባ ቤት» ካለ መልሱት።

አንድ የቀረኝ ነገር አለ። ባለፈው ዓመት ሰፈሬ ያለ ፀጉር ቤት ታፔላውን ቀየረ። አዲሱ ማታ ማታ ይበራል፣ ደስ ይላል፣ አልጠላሁትም። አሮጌው በሩ አጠገብ ተደግፎ ቆራሌ ሲጠብቅ አየሁትና ባለቤቱን ለመንኩት። «ውሰደው፣ ጠፍር ግን ገዝተህ አስረው፣ ስለት አለው» አለኝ። ጎኑን ሳገላብጥ «ከያ» ላይ የተጨመቀ ፊደል አየሁ። ጥግ ላይ ፊርማ አለ፤ ግማሹ ተልጧል፣ የማን እንደሆነ ግን እጁ ይነግረኛል። ጋሼ ካረፉ ቆይተዋል። አሁን ላሜራው ሳሎናችን ውስጥ ከቴሌቪዥኑ ጎን ቆሟል። ሁለት ሜትር ከሃያ ነው። እንግዳ ሲመጣ «ፀጉር መስተካከል እዚህ ነው እንዴ?» ይለናል። ልጄም ማንበብ ጀምራለች፣ መጨረሻዋን ቃል እኔ ነኝ የምጨርስላት።

የሚሰቀልበት ግድግዳ ካገኛችሁለት እኔው ራሴ አመጣዋለሁ። የጭነቱም በኔ ነው።

ከሰላምታ ጋር
አንድ የከተማው ነዋሪ

ግልባጭ፦
ለታፔላ ጸሐፊዎች በሙሉ፣ ባሉበት
ለባለቤቴ (ታፔላው ሳሎን ስለሚቆይበት ጊዜ)፣ ቤት